ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ «ከመሬቴ ውጡ» የሚለን ማን ነው?

ጥያቄ፦ ውድ እኅታችን፣ ጤና ይስጥልኝ። በሼፊልድ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ከፋሲካ ቀጥሎ በነበረው ቅዳሜ እኛና ሁለት የጎረቤት ቤተሰቦች፣ በድምሩ አሥራ አራት ሰዎች፣ በሦስት መኪና ወደ ፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ከመኪና ማቆሚያው አርባ ደቂቃ ያህል ሽቅብ ተጉዘን፣ ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ምሳችንን በላን። ከዚያ ባለቤቴ ከሰል አያይዛ ጀበናውን እንደጣደች አንድ ሰው ባለ አራት ጎማ ሞተር እየነዳ መጣና «ከመሬቴ ውጡ፣ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ» አለን። ልጆቹ ደነገጡ፤ ትንሿ አለቀሰች። ቡናውን ሳንጠጣ ከሰሉ ላይ ውኃ ደፍተን ወረድን። ስንመለስ ደግሞ የእግር መንገድ ምልክት ያለበት አንድ በር ላይ «በጎች እየወለዱ ነው፣ እባክዎ በዚህ በኩል ይዙሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየን። ፓርኩ ብሔራዊ ከሆነ የመንግሥት አይደለም ወይ? ሰውዬው «መሬቴ» የማለት መብት አለው? ወይስ መልካችንን አይቶ ነው? አቤቱታ ማቅረብ እፈልጋለሁ፤ ለማን ላቅርብ?
የሦስት ልጆች አባት፣ ከሼፊልድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስቀድሜ ስለ ልጆቹ አዝናለሁ። አባትን በልጆቹ ፊት «ውጣ» ማለት ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር ነው። የጠየቁኝን ግን ሳላለባብስ ልመልስልዎ። ሰውዬው «መሬቴ» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ውጡ ለማለትም ሕግ ከእርሱ ጋር ነበረ። በልቡ ምን እንደነበረ እግዚአብሔር ይወቅ፤ በሕግ ፊት ግን ምክንያቱ ከሰሉ ነው።

እኛ «ብሔራዊ» የሚለውን ቃል የምንሰማው በአገራችን ጆሮ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሰሜን ተራሮች ወይም አዋሽ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው በመንግሥት የሚተዳደር፣ በር ላይ ተከፍሎ የሚገባበት ቦታ ነው። እዚህ እንዲያ አይደለም። ፒክ ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን መሬቱ ከባለቤቶቹ አልተወሰደም። ፓርኩ 1,438 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የፓርኩ ባለሥልጣን በባለቤትነት የያዘው ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው የገበሬዎች፣ የመሳፍንት ቤተሰቦች፣ የውኃ ድርጅቶች፣ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅትና የሌሎችም ነው። ውስጡ መንደር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ የሚታለቡ ላሞች አሉ። ባለሥልጣኑ ማን ምን እንደሚሠራ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፤ ጠባቂዎችንም ያሰማራል። የቀረው መሬት ባለቤት ግን አይደለም። ስለዚህ ተራራው ላይ የምንሄደው በሰው መሬት ላይ ነው፤ የምንሄደው ደግሞ በመብት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለእኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

ደርቢሻየር ውስጥ ስኖር 19 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ በአካባቢያችን ባለው፣ ሎካል አክሰስ ፎረም በሚባለው የምክክር መድረክ ላይ ከእግረኞች ወገን ሆኜ እቀመጣለሁ። ስለ መድረኩ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን መብትዎ ምን እንደሆነ ልንገርዎ።

አንደኛው መብት የእግር መንገድ ነው። እያንዳንዱ የመንገድ ባለሥልጣን፣ በአብዛኛው ካውንቲ ካውንስሉ፣ የሕዝብ መንገዶች የሰፈሩበት ሕጋዊ ካርታ አለው። እዚያ ካርታ ላይ የሰፈረ መንገድ የማንንም ማሳ ቢያቋርጥ ሕዝብ ያልፍበታል። በእንግሊዝና በዌልስ ርዝመቱ ተደምሮ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባለመሬቱ በማሳው መካከል የሚያልፈውን መንገድ ለመዝራት ሲል ቢያርሰው እንኳ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ማስተካከል አለበት። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ሲሄዱ ውጡ የሚል ሰው ከመጣ አጥፊው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ክፍት መሬት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሕግ ተራራውን፣ ሙር የሚሉትን ደጋማ ሜዳና የተመዘገበውን የጋራ ግጦሽ በካርታ ለይቶ፣ ሰው ከመንገድ ወጥቶ እንደልቡ በእግሩ እንዲሄድበት ፈቀደ። ፒክ ዲስትሪክት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2004 ነው። ኤክስፕሎረር በሚባለው ካርታ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ተቀብቶ ያገኙታል። መግቢያው ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ የሚራመድ ሰው የተሣለበት ቡናማ ምልክት ይለጠፋል። ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ይፈቀዳል። ከአገላለጽዎ እንደምረዳው እናንተ ያረፋችሁት እንዲህ ያለ መሬት ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከሆነ እስከ ምሳው ድረስ ማንም ሊያስነሣችሁ አይችልም ነበር።

ቡናው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ሕጉ በክፍት መሬት ላይ የማይደረገውን ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ እሳት ማንደድ፣ ድንኳን መትከል፣ በብስክሌት መሄድ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ መዋኘት ከነዚሁ ናቸው። አንዱን ያደረገ ሰው እዚያ የመቆየት መብቱ ያኔውኑ ይቋረጣል። ለ72 ሰዓትም ወደዚያው ሰው ክፍት መሬት መመለስ አይችልም። ከሰሉ ሲያያዝ የእናንተም መብት አበቃ ማለት ነው።

«ማንደጃ ላይ ያለ አንድ እፍኝ ከሰል ምን ያደርጋል?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ከመድረኩ አባላት ጋር እሳት የጎበኘውን ሙር ልናይ ወጣን። አብሮን የነበረው ጠባቂ ተንበረከከና ጥቁሩን አፈር በእጄ አስያዘኝ። ፒት ይሉታል። ለሺህ ዓመታት ረግረግ ውስጥ ሳይበሰብስ የተደራረበ ተክል ነው። እርጥቡን ስጨብጠው ውኃው በጣቶቼ መካከል ወጣ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ ያገኘው ዳር ላይ ያለው ግን እንደ ተወቀጠ ቡና ደቅቆ ፈሰሰ። ይህ አፈር እሳት ሲይዘው አይንቦገቦግም። እንደ ኩበት ውስጥ ለውስጥ ይጋያል። ላዩን አጥፍተው ከሄዱ በኋላ ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከማንቸስተር በስተምሥራቅ ያለው ሳድልወርዝ ሙር ሲቃጠል ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል፤ እሳቱን ለማጥፋትም ወታደር ተጠርቷል። ያ ሰውዬ ከሩቅ ጢስ ሲያይ የታየው ይህ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ወሩ ወፎች መሬት ላይ ጎጆ ሠርተው እንቁላል የሚታቀፉበት ወር ነው።

ውኃ ደፍታችሁ መውረዳችሁ መልካም ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ውጡ። ረከቦቱን፣ ስኒውን፣ ፈንዲሻውን የሚከለክል የለም፤ እኛ ቤት የምናደርገው እንዲሁ ነው። ዕጣኑ ግን ይቅር።

ስለ ፖሊሱ አትጨነቁ። እዚህ አገር በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መገኘት ብቻውን በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም። ባለመሬቱ ውጡ ሊል ይችላል፤ ሊመታችሁ ወይም ዕቃችሁን ሊወስድ አይችልም።

አሁን ይህ መብት ከየት እንደመጣ ልንገርዎ፤ ምክንያቱም አቤቱታ ከመጻፍዎ በፊት ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ከሼፊልድ በስተምዕራብ ያለውን ኪንደር ስካውትን ያውቁት ይሆናል፤ 636 ሜትር ከፍታ ያለው የፓርኩ ጫፍ ነው። ድሮ ሕዝብ ድርሽ የማይልበት፣ ግራውስ የሚሉት ቆቅ መሰል ወፍ የሚታደንበት የባለጠጎች መሬት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ አራት መቶ ያህል ወጣት ሠራተኞች ሄይፊልድ ከሚባለው መንደር ተነሥተው ወደ ላይ ወጡ። ከፊት የነበረው ቤኒ ሮትማን 20 ዓመቱ ነበር፤ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ። ከባለመሬቶቹ ባለ ዱላ ጠባቂዎች ጋር ተጋጩ። አምስት ወጣቶች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ታሰሩ፤ ለሮትማን አራት ወር ተፈረደበት። የተከሰሱትም መሬት በመርገጥ ሳይሆን በሁከት ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው አሰልቺ ሥራ ነው። በ1949 የወጣው ሕግ የአካባቢ ባለሥልጣናት ከባለመሬቶች ጋር ተቀምጠው የመግቢያ ስምምነት እንዲፈራረሙ በር ከፈተ። የፒክ ዲስትሪክት ባለሥልጣን በ1950ዎቹ ኪንደርንና አጎራባቾቹን ሙሮች በሚመለከት እንዲህ ያሉ ስምምነቶችን ተፈራረመ። ባለመሬቱ ካሳ ያገኛል፤ አደን ባለባቸው ጥቂት ቀናት መሬቱ ይዘጋል፤ ባለሥልጣኑ ደግሞ ሰው በሚበዛበት ቀን ጠባቂ ያቆማል። ያ የጠባቂዎች አገልግሎት በ1954 በስቅለት ዕለት ኢዴል በሚባለው የፓርኩ መንደር ሥራ ጀመረ። ከዚያው ከኢዴል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ድንበር የሚዘልቀው 268 ማይል የፔናይን የእግር መንገድ ሐሳቡ የቀረበው በ1935 ነበር፤ የተከፈተው ሚያዝያ 24 ቀን 1965 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባለመሬት ወደ ባለመሬት እየሄዱ፣ ሻይ እየጠጡ፣ እየተከራከሩ ማለት ነው። በ2002 ደግሞ የዴቮንሻየር መስፍን አያታቸው የኪንደርን መሬት በመዝጋታቸው ሕዝብ ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ።

ይህን የምነግርዎ እኔ የተወለድኩት መንዝ ስለሆነ ጭምር ነው። አያቴ የጓሳው ሜዳ እንዴት ይዘጋ እንደነበር ታወራን ነበር። ባላገሩ ተስማምቶ ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ሣሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። ቤታችን ክዳኑ ከዚያ ሣር ነበር። «በስምምነት የተዘጋ የሁሉም ነው» የሚለው ነገር እኔ ከእንግሊዞች የተማርኩት አይደለም። እንግዲያው በጎች ሲወልዱ ይዙሩ የሚለውን ወረቀት ሳይ ቶሎ አልቆጣም።

ወረቀቱንም ስላነሡት፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ገበሬ በጎቹ ስለሚወልዱ ብሎ የሕዝብን መንገድ በራሱ መዝጋት አይችልም። ሌላ መንገድ አሰናድቶ «እባክዎ» ማለት ይችላል። እናንተ ያያችሁት ይህንኑ ነው። የወረቀቱ አጻጻፍ ራሱ በእኛ መድረክ ላይ ክርክር የተደረገበት ጉዳይ ነው። አንዲት ገበሬ «አትግቡ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ከእግረኞቹ ወገን ያለ ሰው ሕግ ጠቅሶ ተቆጣ። አንድ ሰዓት ከተነታረክን በኋላ የተስማማነው ወረቀቱ ልመና እንዲሆን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ቀን እንዲጻፍበትና ቀኑ ሲያልፍ እንዲነሣ ነው። ቀን የሌለበት ወረቀት ዓመቱን ሙሉ በር ላይ ይቀራልና። በሚቀጥለው የጸደይ ወራት ሄጄ አየሁት፤ ቀን ነበረበት፣ ከጎኑም ልጆቿ የሣሉት ግልገል ነበረ። ሰው ሁሉ ዞሮ ይሄድ ነበር።

መድረኩ ይህን ይመስላል። ሕጉ እያንዳንዱ የመንገድ ባለሥልጣንና የብሔራዊ ፓርክ ባለሥልጣን እንዲያቋቁመው ያዝዛል። አባላቱ ከአሥር እስከ ሃያ ሁለት ይሆናሉ፤ ባለመሬቶችና ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ እግረኞች፣ ፈረሰኞችና ባለ ብስክሌቶች በሌላ ወገን፣ ቁጥራቸው ተመጣጣኝ እንዲሆን ይደረጋል። ደመወዝ የለውም። ስብሰባው ለማንም ክፍት ነው። ውሳኔ አይሰጥም፤ ምክር ይሰጣል፤ ባለሥልጣኑ ግን ምክሩን ከግምት ማስገባት ግዴታው ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሐበሻ ወገን ስብሰባው ላይ መጥቶ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እንኳ አላየሁም። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ወንድሜ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራው ላይ ብዙዎቻችን አለን። ስለ ተራራው የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ ላይ ግን የለንም።

ስለ መልካችን የጠየቁኝን አልሸሽም። እኔ ራሴ ካርታ ይዤ በሕዝብ መንገድ ላይ ስሄድ አንድ ሰው «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎኛል። ከእኔ ጥቂት ቀድመው ያለፉትን ሁለት ነጮች እጁን አንሥቶ ሰላም ሲላቸው አይቼ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ካርታውን ዘርግቼ አረንጓዴውን የነጥብ መስመር በጣቴ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሄደ። ስለዚህ የለም ብዬ አልዋሽዎትም። የእናንተው ጉዳይ ግን ከሰል ስላለበት ለዚህ ክርክር ደካማ ማስረጃ ነው፤ አቤቱታውን ቢተዉት እመክራለሁ። ሌላ ቀን ያለ እሳት፣ ያለ ውሻ፣ በካርታው ላይ ካሉ መብቱ የእርስዎ ነው። ያኔ የሚከለክል ቢመጣ አይጣሉ። ቦታውን በስልክዎ ካርታ ላይ ይያዙ፣ በሩን ወይም ማስታወቂያውን ፎቶ ያንሡ፣ ሰዓቱን ይጻፉ። ጉዳዩ ክፍት መሬት ከሆነ ለፓርኩ ባለሥልጣን፣ የእግር መንገድ ከሆነ ለካውንስሉ የመንገድ ክፍል ይላኩ። አንድ ጥንቃቄ ላክል፤ ባለመሬት በዓመት እስከ 28 ቀን ክፍት መሬቱን አስቀድሞ አሳውቆ መዝጋት ይችላል። ሕጉ ግን የሠራተኛ ሰው ዕረፍት እንዳይነካ የሕዝብ በዓላትንና አብዛኞቹን የበጋ ቅዳሜና እሁዶች ከዚህ አውጥቷቸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ከጎንደር መጥታ ከእኔ ጋር ኖቲንግሃም ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሜዳ ላይ መሄድ ግን ትወዳለች። ችግራችን አጥሩ ነው። በየማሳው ድንበር ላይ በእንጨት የተሠራ መወጣጫ አለ፤ እግር አንሥቶ መሻገር ይጠይቃል። እርሷ አትችልም፣ እንመለሳለን። ይህን የሚያስተካክል አካል አለ?
ልጇ

መልስ፦ አለ፣ እና ጥያቄዎን በጣም ወደድኩት። መወጣጫውን የመጠገን ግዴታ የባለመሬቱ ነው። ካውንስሉ ደግሞ ከወጪው ቢያንስ ሩቡን እንዲሸፍን ሕግ ያስገድደዋል። ባለመሬቱ በራሱ ወጪ መወጣጫውን አንሥቶ በር እንዲተካ ግን የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ መስማማት ያስፈልጋል፤ ሕጉም ካውንስሉና ባለመሬቱ ለአቅመ ደካሞች ሲባል እንዲህ ያለ ስምምነት እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። በአገሪቱ የታወቀው የጥራት መለኪያም ከሁሉ በአጥሩ ላይ የሚተው ክፍት መተላለፊያን ያስቀድማል፤ ካልተቻለ በርን፤ መወጣጫን የመጨረሻ ያደርገዋል።

እንዴት እንደሚሆን ያየሁትን ልንገርዎ። የእኛ መድረክ አንድ መወጣጫ ሊያይ ሄደ። ዝናብ ነበር። ከምሠራበት መጦሪያ ባለ አራት እግር መደገፊያ ተውሼ ይዤ ነበር። ገበሬው ሥልሳ ዓመት ያለፈው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በር አይሆንም አለ። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ ከዓመታት በፊት መንገደኛ በሩን ሳይዘጋ ሄዶ አውራው በግ ከእናት በጎቹ ጋር ተቀላቅሎ ግልገሎቹ በረዶ ሳይለቅ እንደተወለዱ ነገረን። ስንቶቹ እንደሞቱ ቁጥሩን ያስታውሰዋል። ማንም አልተከራከረውም። መደገፊያውን ሰጠሁትና «እስቲ በዚህ ተሻገር» አልኩት። የመጀመሪያው እርከን ላይ አወጣው፣ ሁለተኛው ላይ ተያዘ፤ ጫማው ጭቃ ስለነበረበት ተንሸራተተና አጥሩን ጨበጠ። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንጨቱን አየው። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማጠፊያው በየትኛው በኩል ይሆናል? ምክንያቱም በሽቅቡ በኩል ከሆነ መዝጊያው በገዛ ክብደቱ ተመልሶ ይገጥማል።

ምሰሶውንም ራሴ እተክለዋለሁ አለ። ተቋራጭ ከመጣ ውኃ የሚቆምበት ቦታ ላይ ይተክለዋል ብሎ ፈርቶ ነው፤ እውነቱንም ነበር። ካውንስሉ በሩን ገዝቶ ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ እስኪቆም 14 ወር ፈጀ፤ ይህን የምነግርዎ ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው። አሁን ያ መንገድ ከመኪና ማቆሚያ እስከ ወንዙ ድረስ አንድም መወጣጫ የለበትም። ከመጦሪያው ሦስት ሴቶችን ይዤ ሄጃለሁ። በሩ ከኋላችን ቀጭ ብሎ ሲዘጋ አንደኛዋ ዞራ አየችው።

እርስዎም እንዲህ ያድርጉ። የሚወዱትን አንድ መንገድ ይምረጡ፤ አሥር መንገድ አይምረጡ። መወጣጫዎቹን እየቆጠሩ ፎቶ ያንሡ። ለካውንስሉ የመንገድ ክፍል ሲጽፉ እናትዎ እስከየት መሄድ እንደሚችሉና የቱ ላይ እንደሚመለሱ ይግለጹ፤ ግልባጩን ለአካባቢው አክሰስ ፎረም ይላኩ። ስብሰባቸው መቼ እንደሆነ ጠይቀው ከተቻለ እናትዎን ይዘው ይሂዱ። ገበሬዎቹ የሚሰሙት ሰውን ሲያዩ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ካውንስሎችም ሆኑ ብሔራዊ ፓርኮች መወጣጫ የሌለባቸውን መንገዶች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ያንን ይጠይቁ። እናትዎንም ሰላም ይበሉልኝ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ግላስጎ ነው። እኛም ዘንድ ሕጉ እንዲሁ ነው? ከልጆቼ ጋር ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ ማደር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የእናንተ ሰፋ ይላል። የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኃላፊነት እስከተሰማን ድረስ በአብዛኛው መሬትና ውኃ ላይ በእግር፣ በብስክሌት፣ በፈረስና በታንኳ መሄድን፣ ድንኳን ተክሎ ማደርንም ይፈቅዳል። የሰው ቤትና ግቢ፣ እህል የበቀለበት ማሳ አይነካም። ካውንስልና ባለመሬት የሚመካከሩበት መድረክ እናንተም ጋ አለ። የሚሄዱት ሎክ ሎሞንድ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ሐይቁ ዳር ያለው አካባቢ በሰው ብዛት ስለተጎዳ ከ2017 ጀምሮ ከመጋቢት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በተከለሉት ቦታዎች ድንኳን ለመትከል የፓርኩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በኢንተርኔት ይያዛል። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብለው ይያዙ። ቡናውንም በፔርሙዝ።